ከደብረ ሲና እስከ ታይላንድ፦ የእንግሊዝኛ መምህርነት ሥራ ውጭ አገር እንዴት ይገኛል?

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መንገድ ላይ አስቆመኝ። አሁን እሱም እንግሊዝኛ ያስተምራል። «ቲቸር፣ ታይላንድ የሄዱት በማን በኩል ነው?» አለኝ። በወር ሁለት ሦስት ሰው ይህንኑ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ሁሌም «በማን በኩል» ነው። «ምን ምን ይዘው» ብሎ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው።

እኔ በማንም በኩል አልሄድኩም። ደብረ ሲና ሰባት ዓመት አስተማርኩ። ከዚያ ራሴ በኢሜይል አመልክቼ ጥቅምት 2009 ታይላንድ ገባሁ። አምስት ዓመት ተኩል ሠርቼ በ2014 ተመለስኩ። ሥራውን ያገኘሁት ግን ባንኮክ ደርሼ አይደለም። እዚሁ ነው ያገኘሁት። ሬጅስትራር መስኮት ሥር ቆሜ፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተመላልሼ፣ ሌሊት ተነሥቼ ብቻዬን እንግሊዝኛ እያወራሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ በአብዛኛው አገር ቤት ተሁኖ ስለሚሠራው ነው።

የማይከፈተውን በር ተዉት

ማስታወቂያ ላይ «ኔቲቭ ስፒከር ብቻ» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ታያላችሁ። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ማለታቸው ነው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ይህን በልማድ ይጽፈዋል፤ ጥሩ መምህር ከመጣለት ይቀበላል። አንዳንድ ቦታ ግን የቪዛ ሕግ ነው። ሕግ ደግሞ በችሎታ አይታለፍም። ደቡብ ኮሪያ ለእንግሊዝኛ መምህር የምትሰጠው «ኢ-2» የሚባለው ቪዛ የሰባት አገር ፓስፖርት ይፈልጋል። እነሱም አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ጃፓን ውስጥ የግል ቋንቋ ትምህርት ቤት ለመቀጠር ደግሞ ብዙ ጊዜ 12 ዓመት በእንግሊዝኛ መማር ይጠየቃል። እኛ አንደኛ ደረጃን የተማርነው በአማርኛ ነው።

ይህን ሳላውቅ ስምንት ወር ወደ ኮሪያ ማመልከቻ እየላክሁ ኖርኩ። አርባ ያህል ላክሁ። አንድ መልስ አልመጣም። እንግሊዝኛዬ የማይረባ መሰለኝና አለቀስኩ። ችግሩ ግን እንግሊዝኛዬ አልነበረም፤ ፓስፖርቴ ነበር። ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ የቪዛውን መስፈርት ባነብ ኖሮ ስምንት ወር ይተርፈኝ ነበር። እናንተ ያቺን ግማሽ ሰዓት አትንፈጉ። ከማመልከታችሁ በፊት የዚያን አገር ኤምባሲ ወይም የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ከፍታችሁ የመምህር ቪዛ ምን እንደሚጠይቅ አንብቡ።

ታይላንድ አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ ያልሆነ መምህርም ትቀጥራለች። ዲግሪና የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ይጠየቃል። ፊሊፒናውያን እዚያ በብዛት ያስተምራሉ። ካሜሩናውያንም አሉ። ማልዲቭስም ከውጭ አገር መምህራን ትቀጥራለች። አብሮኝ የተመረቀ አንድ ልጅ ደግሞ ሐርጌሳ የግል ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ሩቅ መሄድ ለማይፈልግ እሱም መንገድ ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ደመወዙ እኩል አይደለም። እኔ በወር 22,000 ባት (የታይላንድ ገንዘብ ነው) ስጀምር አጠገቤ ያለው እንግሊዛዊ 35,000 ያገኝ ነበር። እሱ ከዚያ በፊት ክፍል ገብቶ አያውቅም። ያበሳጫል። ይህን እያወቃችሁ ሂዱ።

ወረቀት፣ ወረቀት፣ ወረቀት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ከዲግሪው እንጀምር። በጊዜያዊ ዲግሪ የሚያስተምር ብዙ ነው። ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት የወጪ መጋራቱ ጉዳይ ማለቅ አለበት። መምህር በአገልግሎት ማካካስ ይችላል። ግን ያገለገላችሁበትን ዘመን የሚያስረዳ ደብዳቤ ካልያዛችሁ ሬጅስትራሩ ምን ያድርግ? ደብዳቤውን ቀድማችሁ አሠሩ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱንም በዚያው ጠይቁ። ዲግሪያችሁን ደግሞ እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉ። ለማሳመር ብለው ያስለበጡና ማኅተም የሚያርፍበት ጠፍቶ የተጉላሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ከዚያ ስም። ጸሐይ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ስትጽፉ መጨረሻው «ዋይ» ነው ወይስ «አይ»? በኔ ዲግሪ ላይ የአባቴ ስም በአንድ «ኤስ»፣ በፓስፖርቴ ላይ በሁለት «ኤስ» ተጽፎ ነበር። ለኛ አንድ ሰው ነው። ለውጭ አገር መዝገብ ሹም ሁለት ሰው ነው። ፓስፖርት ገና ካላወጣችሁ የዲግሪውን ፊደል ተከተሉ። ካወጣችሁም ልዩነቱን አሁኑኑ አስተካክሉ። በተረፈ በአያታችሁ ስም መጠራት ልመዱ። ቢሮው አምስት ዓመት ሙሉ የጠራኝ በአያቴ ስም ነው። አያቴ ከመንዝ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ ስሙ ግን ታይላንድ በየፎርሙ ተሞላ።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ይሄኛው ሥራ ሊያሳጣኝ ነበር። ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት የሰጠኝ የሥራ ልምድ ደብዳቤ «ከ2002 እስከ 2008» ይላል። ዲግሪዬ ላይ ያለው ደግሞ በፈረንጅ 2009 ነው። ቃለ መጠይቅ ያደረገችልኝ ሴትዮ ሁለቱን አየቻቸውና ዝም አለች። ቆይታ «ከመመረቅሽ ከሰባት ዓመት በፊት ነው ማስተማር የጀመርሽው?» አለችኝ። አስረዳኋት። ባታምነኝ አልፈርድባትም። ደብዳቤያችሁ ላይ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ፣ ወይም ሁለቱም ይጻፍ። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት (ታኅሣሥ 22 ወይም 23) ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መደመሩን አትርሱ። የትኛውን ክፍል፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳስተማራችሁም ይካተት። «በትጋት አገልግላለች» ብቻውን የሚነግራቸው ነገር የለም።

መልቀቂያም አለ። ሳይለቁ የሚጠፉ መምህራን አሉ። እኔ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ መጻሕፍቱን አስረክቤ፣ ክሊራንሴን ይዤ ወጣሁ። ርዕሰ መምህሬ ቅር ቢላቸውም ፈረሙልኝ። ስመለስ ደብረ ብርሃን ሥራ ያገኘሁት በዚያች ወረቀት ነው።

ሰነዱ ሲሟላ ማረጋገጥ ይመጣል። ዲግሪውን ዛሬ የሚያረጋግጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ። በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ ፈቃድ ባለው ትርጉም ቤት ይተረጎም። ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚገልጸውን የፖሊስ ወረቀት መጨረሻ ላይ አውጡት። ብዙ አገር የሚቀበለው በቅርብ ወራት የወጣውን ነው።

ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ ኢሜይላችሁ ውስጥም፣ ፍላሽ ላይም፣ በወረቀትም አስቀምጡ። መስከረም 2009 ማለቂያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የኔ የቪዛ ደብዳቤ ኢሜይሌ ውስጥ ነበር። መስመር ኢንተርኔት ያለው ቢሮ ፍለጋ አዲስ አበባ ሁለት ቀን ተንከራተትኩ። ዕለቱኑ አትሜው ቢሆን ኖሮ ይቀርልኝ ነበር።

እንግሊዝኛችሁን በፈተና አሳዩ

አይኤልትስ (IELTS) የሚባለውን ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና አዲስ አበባ ብሪቲሽ ካውንስል ይሰጣል። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ሳያልቅ አትፈተኑ። ቸኩለው ተፈትነው፣ ዲግሪ ሲያሳድዱ ሁለቱ ዓመት ያለቀባቸው አሉ።

እኔ ሁለት ጊዜ ተፈተንኩ። መጀመሪያ ሰዋስው አውቃለሁ ብዬ ተኩራርቼ ገባሁ። ማዳመጥ 5.5 መጣልኝ። ድምፁ አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው። 11ኛና 12ኛ በፕላዝማ ስንማር ትዝ ይላችኋል? ሰውዬው ያወራል፣ ያልፋል፣ አይደግምም። ያኔ የሚያስረዳን መምህር አጠገባችን ነበር። ፈተና ላይ ማንም የለም። ለሁለተኛው ዙር አምስት ወር በየቀኑ የቢቢሲን የእንግሊዝኛ ዜና አዳመጥኩ። ሦስት ደቂቃ ሰምቼ የሰማሁትን እጽፋለሁ። ከዚያ የቀረልኝን ቃል እፈልጋለሁ። ሁለተኛው ላይ 7 መጣልኝ።

ለመናገሩ ክፍል አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። መሐል ላይ ርዕስ ይሰጣችሁና አንድ ደቂቃ አስባችሁ እስከ ሁለት ደቂቃ ታወራላችሁ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሞልታችሁ ንግግራችሁን ቅረጹት። መልሳችሁ ስሙት። እኔ ራሴን ስሰማ ደነገጥኩ። ሰባት ዓመት «እስኩል»፣ «እስፖርት» እያልኩ አስተምሬአለሁ። የአማርኛ አፋችን ቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢ ተከታትሎ ሲመጣበት ከፊቱ «እ» ያስገባል። አጭሩንና ረዥሙን «ኢ» አንለይም፤ መርከብም (ship) በግም (sheep) አፋችን ላይ አንድ ናቸው። «ቲ ኤች»ን «ዝ» ወይም «ስ» እናደርጋታለን። ይህንን ማረም አሜሪካዊ መምሰል አይደለም። መምሰልም አያስፈልግም። የሚሰማን ሰው ሳይቸገር እንዲረዳን ነው።

ታይላንድ ስገባ ምን ሰማሁ መሰላችሁ? ልጆቹ «ሰኩል» ይላሉ! የኛ «እስኩል»፣ የነሱ «ሰኩል»። ያው ችግር ነው። እኔ የተሻገርኩትን መንገድ እነሱን አሻገርኳቸው። «ስስስስ» አስብዬ፣ ከዚያ «ኩል» አስጨምሬ። እንግሊዛዊው ባልደረባዬ ልጆቹ ለምን እንደሚሳሳቱ አይገባውም ነበር። እኔ ገባኝ። ቋንቋውን ተምረነው እንጂ ተወልደንበት አይደለም። ይህን እንደ ጉድለት አትዩት። ማመልከቻችሁ ላይ ጻፉት።

የማስተማር ሰርተፍኬትም ይረዳል። 120 ሰዓት የሚባለው የኢንተርኔት ኮርስ ለብዙ ትምህርት ቤት ይበቃል። ገንዘብ ያለው ሰው በካምብሪጅ ስም የሚሰጠውን ሴልታ ቢወስድ የተሻለ ይከበራል። እሱ ውስጥ ስድስት ሰዓት በእውነተኛ ተማሪ ፊት ማስተማር አለ። እኔ አቅሜ ስላልፈቀደ የኢንተርኔቱን ወሰድኩ።

ማመልከትና ቃለ መጠይቅ

የታይላንድ ትምህርት የሚጀምረው ግንቦት ላይ ነው። ሁለተኛው መንፈቅ በጥቅምት ማለቂያ አካባቢ ይገባል። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ከዚያም መስከረም ላይ ቅጥር ይበዛል። የታይላንድ ማስታወቂያ ለማግኘት አጃርን ዶት ኮም ጥሩ ነው። የትምህርት ቤቶቹን ድረ ገጽም በቀጥታ እዩ። እኔ የተቀጠርኩት ማስታወቂያ ላላወጣ ትምህርት ቤት ጽፌ ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። «ታታሪ ነኝ፣ ሥራ እወዳለሁ» ማንም ይላል። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ አንድ ክፍል ውስጥ 68 ተማሪ አለኝ፣ መጽሐፍ ለሦስት አንድ ነው፣ በጠመኔና በሰሌዳ ሁሉም እንዲያወሩ የማደርገው በዚህ መንገድ ነው። መንገዱንም በአራት መስመር ገለጽኩ። አብሬ የስምንት ደቂቃ ቪዲዮ ላክሁ። የሥራ ባልደረባዬ በስልክ የቀረጸችው ነው። ልጆቹ የደብረ ሲናን ገበያ እየተጫወቱ ነበር። አንዷ ሻጭ፣ አንዷ ገዢ፣ በቆሎው ዋጋ በእንግሊዝኛ እየተከራከሩ። ርዕሰ መምህሩንና ወላጆችን አስፈቅጄ ነው ያስቀረጽኩት። የቀጠረችኝ ሴትዮ በኋላ እንደነገረችኝ ያስወሰናት ቪዲዮው ነው። ስልሳ ስምንት ልጅ የያዘች አርባ አያቅታትም ብላ።

የቃለ መጠይቁን ሰዓት አደራ። ታይላንድ ከኛ አራት ሰዓት ትቀድማለች። እነሱ ጠዋት «ዘጠኝ ሰዓት» ሲሉ ለኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ረስቶ በኛ ዘጠኝ ሰዓት የጠበቀ ሰው አውቃለሁ። ለኢንተርኔቱ ብዬ ደብረ ብርሃን እኅቴ ቤት አደርኩ። በዚያ ብርድ ከላይ ኮት ለብሼ፣ ጉልበቴ ላይ ጋቢ አድርጌ ተቀመጥኩ። መብራት ቢጠፋ ብዬ ስልኬንም ላፕቶፑንም ሞልቼ ነበር። ጠፋም። በስልኬ ቀጠልኩ።

እናንተም ጠይቁ። ውሉ የ12 ወር ነው የ10 ወር? የ10 ወር ከሆነ መጋቢትና ሚያዝያ ደመወዝ የለም። ቪዛውንና የሥራ ፈቃዱን ማን ያወጣል? በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ነው? ቅዳሜ አለ? የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፤ ይጠብቁታል።

ገንዘብ ክፈሉ ሲሏችሁ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ የሸዋ ሮቢት ልጅ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ እርስዎ የነበሩበት አገር ሥራ አገኘሁ!» አለኝ። እንግሊዝኛ ከቻለ በወር 1,500 ዶላር፣ ቲኬት በነሱ፣ ቃለ መጠይቅ የለም፣ ዲግሪ አይጠየቅም። «የት ከተማ ነው?» አልኩት። «ሜ ሶት» አለኝ። እግሬ ከዳኝ። ሜ ሶት ምያንማር ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ያሉትን ግቢዎች ዓለም ያውቃቸዋል። ሰው ፓስፖርቱን ተነጥቆ፣ እየተደበደበ፣ በኢንተርኔት ሌላውን እንዲያጭበረብር የሚገደድባቸው ናቸው። የካቲት 2017 ከዚያ ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ የኛ ልጆች ማለት ነው። እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ነው የተፈለጉት። ልጁ አልሄደም። እናቱ አሁንም ባገኘችኝ ቁጥር እጄን ትስማለች።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱን በስሙ ፈልጉ። በካርታ ላይ እዩት። ድረ ገጹ ላይ ባለው ስልክ ራሳችሁ ደውሉ። እዚያ የሚያስተምር አንድ የውጭ አገር መምህር ፈልጋችሁ ጠይቁ። «በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ እዚያ እናስተካክላለን» ከተባላችሁ ተዉት። ታይላንድ መምህር የሚገባው «ኖን ኢሚግራንት ቢ» በሚባል ቪዛ ነው። ያለ ሥራ ፈቃድ ማስተማር ያስቀጣል፤ ያስባርራልም።

የኛም አገር ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛውን፣ የሥራ ፈቃዱንና የአውሮፕላን ቲኬቱን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ውሉን በራሳችሁ ካገኛችሁ ከመብረራችሁ በፊት የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ቀርባችሁ አስፈቅዱ። ኤጀንሲም ከሆነ ፈቃዱን እዚያው አጣሩ። አንድ ደላላ እኔንም 30,000 ብር ጠይቆኝ ነበር። «ያለኔ አይሆንም» አለኝ። ሆነ።

ስትደርሱ

ቢያንስ የሁለት ወር መኖሪያ ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ደመወዝ ወር መጨረሻ ላይ ነው። ቤት አከራይ ደግሞ የሁለት ወር መያዣና የአንድ ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ በ4,000 ባት አንድ ክፍል ተከራየሁ። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ በወር ስምንት ሺህ ባት አስቀምጥ ነበር። በየ90 ቀኑ አድራሻችሁን ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ቀኑን ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ስደርስ ከተማው በሙሉ ጥቁር ለብሶ ነበር። ንጉሥ ቡሚቦል ያረፉት በዚያው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። መምህራኑ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ለበሱ። እናቴ ደብረ ሲና ያሰፋችልኝ ባለ አበባ ቀሚሶች ሻንጣ ውስጥ ቀሩ። የያዝኩት ገንዘብ ላይ ነክቼ ሁለት ጥቁር ቀሚስ ገዛሁ። ስልክ ደውዬ ስነግራት «ልጄ፣ ሐዘን ላይ ደርሰሽ ዝም አትበይ፤ ድረሻቸው» አለችኝ። ባልደረቦቼ ጋር ሄጄ አብሬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ አላደረጉኝም። ሰሌዳው ላይ ቀን ስጽፍ ደግሞ የነሱ ዓመት 2559 ነበር። እኔ ከ2009 ነው የመጣሁት። ልጆቹ ሲሰሙ ተንጫጩ፤ የመጀመሪያው ትምህርታችን የቁጥር ሆነ።

ከመሄዳችሁ በፊት የሰነዶቹን ሁሉ ኮፒ አገር ቤት ለምታምኑት ሰው ተዉ። እኔ በሰማያዊ ፋይል አድርጌ ለእናቴ ሰጠኋት። ሣጥን ውስጥ ከበርኖሱ ሥር አስቀመጠችው። በሦስተኛው ዓመት ፈቃዴ ሲታደስ የትራንስክሪፕት ኮፒ ጠፋብኝና ደወልኩ። ታናሽ ወንድሜ ሣጥኑን ከፍቶ፣ በር ላይ ብርሃን ፈልጎ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።